ለሾላው የነገርኩት

ሸዋሮቢት ላይ ለማትሪክ ስንዘጋጅ ያስጨነቀን ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ፈተናውን የወደቀ ወንድ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እህል አልወርድ አለኝ። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የፊዚክስ አስተማሪያችን ጋሼ ይኸነው የብዙዎቻችንን ፊት አይተው አንድ ዘዴ ነገሩን።

"ጭንቀታችሁን ለሰው መናገር ካፈራችሁ፣ ዛፍ ሥር ሄዳችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ንገሩት። ዛፍ ለማንም አያወራም።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ግን ማንም እንዳያየኝ በማሽላው መሃል አቋርጬ፣ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ቆምኩ። መጀመሪያ አፍሬ "እንደምን ዋልክ" አልኩት። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ጦርነት እንደምፈራ፣ ከእናቴ ተደብቄ እንደማለቅስ ነገርኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

"የባሰው ግን ፊዚክስ ነው" አልኩ፣ አንቱታዬን ሁሉ ትቼ። "ይኸነው ሲያስረዳ አንዲት ነገር አይገባኝም። እሱም የገባው አይመስለኝም። ጥያቄ ስንጠይቀው ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ይጠርጋል።"

ቀለል ስላለኝ አጠራረጉንም፣ የጎጃም አነጋገሩንም እያስመሰልኩ ለሾላው አሳየሁት።

ከግንዱ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞሬ ሳይ ጋሼ ይኸነው ጫማቸውን አውልቀው፣ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጨርሰህ እንደሆነ ሂድ፣ ልጄ" አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። "እኔ ስለ እናንተ ክፍል ጀምሬለት ሳልጨርስ ነው የመጣህብኝ።"