የፍልሰታው ስንዴ

ነገሩ ያስከፈለኝ ሁለት ስልቻ ስንዴ ነው። ስንዴው የእኔ አልነበረም። በዚያ ዓመት ገበያ ዋጋው ተደምሮ አንድ ሙክት አይገዛም ነበር። እኔ ግን እስካሁን እየከፈልሁት ነው።

አርብ ገበያ ላይ እህል እነግድ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ አርብ አርብ የሚቆመው ገበያ ነው። አንዲት ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ እህሉ የደረቀ ይሁን ያልደረቀ፣ ከደጋ ይምጣ ከቆላ፣ እነግርሃለሁ። ሰውንም እንደዚያው የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ራሴን ነክሼ አይቼ አላውቅም።

ከገበያው ጀርባ ሱቅና የጭቃ መጋዘን ነበሩኝ። ገበሬው አህያውን ጭኖ ይመጣል፤ ዋጋው ካልጣመው ያን ሁሉ አቀበት ጭኖ ከሚመለስ እኔ ዘንድ አስቀምጦት ይሄዳል። አደራ ነው። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። ገዥ ሲመጣብኝ እሸጠውና ባለቤቱ ሳይመጣ በዓይነቱ እተካለሁ። ይህን እነሱም ያውቃሉ። ጤፍ አስቀምጦ የሄደ ጤፍ ካገኘ፣ ያችው ናት አይደለችም ብሎ የሚመረምር የለም።

ከዚህ ደንብ ውጭ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ከስማዳ በኩል የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ልጃቸው በምጥ ሦስት ቀን ተይዛ ሳለች፣ በሕይወት ብትተርፍልኝ ብለው ለማርያም ተስለው ነበር፤ ተረፈችላቸው። ስለታቸው የፍልሰታ ቅዳሴ የሚቀደስበት የመገበሪያ ስንዴ ነው፤ የቁርባኑ ኅብስት ከእሱ ይጋገራል። ደብሩ የተወለዱበት ነው፣ ከእኛ ከተማ ማዶ። ስንዴውን ለብቻው በተከለለ ማሳ ይዘሩታል፣ ለብቻው ይወቁታል፣ ሌላ እጅ አያስነኩትም። ፍልሰታ ግን በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዙ ሞልቶ አህያ አያሻግርም። ስለዚህ በመጋቢት በሁለት ስልቻ ጭነው ያመጡና አፉን በነጭ የሸማ ቅዳጅ ቋጥረው እኔ ዘንድ ያሳድሩታል። ሐምሌ ሲያልቅ እሳቸው ብቻ አህያ በማያልፍበት የእግረኛ ድልድይ ዞረው በእግራቸው ይመጣሉ፤ አህያ ከእኔ ይዋሳሉ። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። መጀመሪያ ባመጡ ጊዜ፣ «ይህን አትተካውም፤ ይህ እሱው ነው» ብለውኛል። «ገባኝ አባባ» ብያለሁ።

ሞባይል በየኪሱ ከገባ በኋላ «የስልኩ ሱቅ» መጣ። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። አዲስ አበባ ላይ በኢንተርኔት ብቻ እየሸጠ የገነነ ድርጅት ነው ይሉታል፤ ሱቁን ያየው ሰው ግን የለም። አስተማሪዎቹና የጤና ጣቢያ ሠራተኞቹ ሥዕሉን በስልክ እያዩ ያዝዛሉ፤ ዕቃው በንፋስ መውጫ ከተማ በኩል በመኪና ይመጣል። የሒሳብ መምህሩ ጫማ አዝዞ ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ መጣለት። ገበያው ሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁ እኔ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀይረው ላኩለት። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኛ ገበያ የተሸጠ አይመለስማ።

ጫማና ስልክ ሲሸጥ ቆይቶ ወደ ምግብ ዞረ። ምስር፣ ሽሮ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሁሉም ታሽጎ። አንድ ቀን ኮሌጅ የጨረሰ ወኪላቸው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ መጋዘኔ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ከገበሬው ስንዴ የሚሰበስብልን ሰው እንፈልጋለን። መጋዘኑንም እንከራይዎታለን።»

«ሥዕሉን አይታችሁ ለምን አትገዙም?» አልሁት።

«እህል በሥዕል አይታወቅም አሉን።»

«ማን አላችሁ?»

«ሁሉም ሰው። እርስዎ ጥሩ ያውቃሉ ሲሉን ነው የመጣሁት።»

እንዲህ ሲባል ደስ የማይለው ነጋዴ አላየሁም። ተስማማን። እነሱ በገዙት እህል ዱቄት ፈጭተው እዚሁ መልሰው እንደሚሸጡብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ከውጭ ሆኜ ከምበላ ከውስጥ ሆኜ ልብላ ብዬ ነው። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጭነት ሃያ ኩንታል ነበር። የሚያዝያ መጨረሻ ነው። አይሱዙው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን አያቋርጥም፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላው እህል ነጋዴ እጁን አጣምሮ ያየኛል። መዝነን ስንጨርስ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

«ሃያ ካልሞላ ጭነቱን አልፈርምም፤ ትእዛዙ እንዲያ ነው» አለ ወኪሉ። «ያኛው ሰውዬ አለኝ ይላል፤ ከእሱ ላሟላ?»

ገበያ የሚቆመው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ። ሁለቱ ስልቻዎች እንደ ተንተራሱ ተኝተዋል።

ወኪሉ ዓይኔን ተከትሎ አየና፣ «ይህ ቆዳ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስልቻ ነው። ስንዴ ነው።»

«የማን ነው?»

«የኛው ነው።»

ቋጠሮውን የፈታሁት በራሴ እጅ ነው። ሌላ ሰው ላይ የማላክክበት ቀዳዳ የለኝም። ወደ ማዳበሪያ ስገለብጠው ድምፁ እንደ ሌላው ስንዴ ነበር። ፍልሰታ ገና ሦስት ወር አለው፣ ከዚህ የተሻለ እተካለሁ፣ ስንዴ ስንዴ ነው አልሁ። ሃያ ሞላ። አይሱዙው ሄደ። ማዶ ያለው ነጋዴ እጁን ፈትቶ ገባ።

ሰኔ ላይ የእነሱ ዱቄት ከተማው ገባ። ደንበኛዬ የነበረች አስተማሪ በሱቄ በር ፌስታል አንጠልጥላ ስታልፍ፣ «አይፍረዱብኝ ጋሼ፤ ድንጋይ የለውም» አለችኝ።

«ድንጋዩን ለብቻው እንሸጥልሻለን» አልኋት። ሳቀች። ተመልሳ አልገዛችኝም።

በሐምሌ አስቀድሜ እስቴ ሰው ልኬ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ምርጥ ስንዴ አስመጣሁ። ፍሬው ትልልቅ፣ ነጭ፣ አንድ እንክርዳድ የለውም። በስልቻዎቹ ሞላሁት፤ በዚያው ሸማ ቋጠርሁት።

አባባ የመጡት ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነው። ከጤንነት እስከ ከብት ተጠያየቅን። ከዚያ ስልቻው አጠገብ ቁጢጥ አሉና ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኝ አባባ። አይጥ አስቸግራ ፈትቼ አይቼው ነበር።»

ፈቱት። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡና ጭብጥ አውጥተው አዩት። አንዲት ፍሬ በቀራቸው ጥርስ ሰበሩ።

«አይጧ እስቴ ድረስ ደርሳ ነው የመጣችው?»

ጭብጡን ወደ ስልቻው መለሱት።

«የኔው የት ሄደ?» አሉኝ።

«ተሸጠ።»

«ለማን?»

«ለስልኩ ሱቅ።»

«የእነሱ ዕቃ ይመለሳል ይባል የለ?»

ስልኬን አወጣሁና ወኪሉ ዘንድ ደወልሁ። ድምፁ ለሁለታችንም ይሰማል። «ጋሼ፣ የሚያዝያው ጭነት እኮ ተፈጭቶ አልቋል» አለ። «ዱቄት ከሆነ የፈለጉት በቅናሽ እልክልዎታለሁ።» ቅን ልጅ ነው፤ በእውነት የረዳኝ መስሎታል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ «ካህናቱ ንጹሕ እስከሆነ ይቀበላሉ፤ ሄጄ ላናግርልዎ» አልኋቸው።

«እነሱማ ይቀበላሉ፤ ምን ይከለክላቸዋል። የተሳልሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን እኔ አልዘራሁትም።»

የእስቴውን ስንዴ አንዲት ፍሬ ሳያፈሱ ማዳበሪያዬ ላይ ገለበጡት። ስልቻዎቹን አጠፉ፤ ብብታቸው ውስጥ ያዙ። ቢሰድቡኝ ክርክር እጀምር ነበር፤ በክርክር የሚረታኝ ጥቂት ነው። «በል ደህና ዋል» ብለው ወጡ። የዚያን ዓመት ፍልሰታ ባዶ እጃቸውን ወደ ደብራቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ በሱቄ በር ሲያልፉ አየኋቸው። ስልቻ በጀርባቸው ነበር፤ ግማሹን ብቻ ሞልተውታል፤ ያን ሁሉ መንገድ በድልድዩ ዞረው ተሸክመውት መጥተዋል። ሮጬ ወጥቼ፣ «አህያውን ልስጥዎ» አልሁ።

«እንዲህ ቀለል ይለኛል» አሉና አለፉ።

ለማንም አልከሰሱኝም። አንድ ሽማግሌ በክረምት ስንዴ ተሸክሞ የአደራ ቤቱን በር አልፎ ሲሄድ ያየ ገበሬ ግን ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። አንዱ ያስቀመጠውን ጤፍ ወሰደ፤ ሌላው ባቄላውን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ደግሞ ያስቀመጠም አልነበረም። የስልኩ ሱቅም ከእኔ እህል ሲያጣ ስንዴ የሚገዛበትን ቦታ ወደ ሌላ ወረዳ አዞረ፤ አይሱዙው ባዶውን መምጣቱን ትቶ ዱቄት ጭኖ ብቻ ይመጣል።

አባባ አሁን ደክመዋል። ስንዴውን የሚያመጣው አማቻቸው ነው፤ የዚያችው ያኔ ከምጥ የተረፈችው ልጅ ባል። ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። አይገባም።

መጋዘኔን ለዱቄታቸው ማስቀመጫ ተከራይተውታል፤ ኪራዩን በየወሩ በሰዓቱ ይከፍላሉ። ውስጡ የማንም አደራ የለም።