ጃርቱ የሚነቃበት ሰዓት

ሥራ የገባሁ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ የወንድሜ የሙሄ ቦት ጫማ ነው። የግቢው ባለቤት ጋሽ ተስፋዬ ከመጋዘን አውጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡት። «ሞክረው» አሉኝ። ሞከርኩት። ሰፋኝ። «ካልሲ ደርብበት» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። 

ሙሄ ከሞተ ገና አርባው አልወጣም ነበር። ወባ ነው ተባለ። ከዚያ ወባ ብቻ አይደለም ተባለ። ከዚያ ከወልድያ ሆስፒታል ሬሳውን ይዘን ተመለስን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። የእሱ የሥራ ቦታ ለእኔ ተሰጠ።

ግቢው ሰው ከፍሎ እንስሳት የሚያይበት ነው፤ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ማንጎ ተክል ውስጥ ነው። አንበሳ አለን። ጅቦች፣ ጦጣዎች፣ ኤሊዎች፣ አንዲት ሰጎን፣ አንድ ጃርት። ተንከባካቢው እኔ ነኝ። ዘበኛው አያ እንድሪስ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት የአንበሳው በር ነበር። አንበሳው መኩሪያ ይባላል። ቤቱ ፊትና ኋላ ሁለት ክፍል አለው። ለማጽዳት መጀመሪያ ሥጋውን ኋላ ታስቀምጣለህ። ሲገባ መሐል ያለውን የብረት በር ታወርዳለህ፣ ትቆልፋለህ፣ ቁልፉን በእጅህ ስበህ ታየዋለህ። ከዚያ «ተዘግቷል!» ትላለህ። ውጭ የቆመው ሰው በዓይኑ አይቶ «ተዘግቷል!» ካላለ እግርህን አታስገባም።

«ሳላይ ዝም ብዬ ብልህስ?» አሉኝ አያ እንድሪስ።

«እርስዎ እንዲህ አያደርጉም።»

«አላደርግም። አንተ ግን እኔን አትመን። ቁልፉን ደግመህ ሳበው።»

ደግሜ ሳብኩት። አሁንም ሁልጊዜ ደግሜ እስባለሁ።

ከዚያ መጥረጊያ፣ አካፋ፣ ባሬላ። አንበሳው የተወውን አጥንት ልጥል ስል አያ እንድሪስ ያዙኝ። «እሱ የጃርቱ ነው» አሉ። ጃርት አጥንት ይበላል እንዴ ብዬ ሳቅኩ። «አይበላውም። ይግጠዋል። ጥርሱ እንዳያድግበት። ሙሄ ነው ያስለመደው።» ስሙን ሲጠሩት መጥረጊያውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። «አብሽር» አሉኝ። ሥራ ቀጠልን።

ጃርቱ ከሲሪንቃ ማዶ አንድ ገበሬ በወጥመድ የያዘው ነው። የኋላ አንድ እግሩ ተጎድቷል፤ ያነክሳል። ሙሄ ነው ለምኖ ያመጣው። ቤቱን በድንጋይና በሽቦ የሠራውም እሱ ነው። እኔ ግን ጃርቱን አላየሁትም። ጠዋት ስመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ወደ ቤት ስሄድም ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ስኳር ድንችና አጥንት አስቀምጣለሁ፣ በማግስቱ ድንቹ የለም፣ አጥንቱ ተግጧል። ከማላየው ጌታ ቤት የተቀጠርኩ መሰለኝ።

እሁድ እሁድ ከወልድያ እንስሳ ማየት ሱስ የሆነባቸው ሰዎች ይመጣሉ። ዋናቸው ቲቸር መላኩ ነው፤ ካሜራ አንግቶ ይዞራል፣ የትም ከተማ ሲሄድ መጀመሪያ እንስሳት የት አሉ ብሎ ይጠይቃል። ጓደኛው ሰብለ ከእሱ ጋር መከራከር ትወዳለች። መኩሪያ ፊት ቆሙ። መኩሪያ በጀርባው ተኝቷል፣ አራት እግሩ ወደ ሰማይ።

«አንበሳ የሚታየው ዝናው ነው» አለ ቲቸር መላኩ። «እሱ ራሱማ አልጋ ላይ ነው።»

«ሰጎኗስ?» አለች ሰብለ።

«ረጅም ዶሮ።»

«ኤሊዎቹ?»

«ድንጋይ ነው፣ ግን ጎመን ይበላል።»

«ጃርቱስ?»

«የቱ ጃርት? እኔ ከፍዬ ያየሁት ጉድጓድ ነው!»

ተሳሳቁ። ነገሩ ያስቃል፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ግን ጋሽ ተስፋዬ ከኋላቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። ማታውን ጠሩኝ።

«ይመር፣ የጃርቱን ቤት እናፈርሰዋለን። ለልጆች ዥዋዥዌ ይተከልበታል። አንበሳው ቢተኛም አንበሳ ነው፣ ስሙ ሰው ያመጣል። ጃርቱ ምን ያደርግልናል?»

«ጃርቱስ የት ይሄዳል?»

«ተራራው ይኸው። ይለቀቅ።»

«ያነክሳል ጋሼ። ውሻ አያሳልፈውም። ገበሬውም አያሳልፈውም።»

ጋሽ ተስፋዬ ክፉ ሰው አይደሉም። «ዒድ እስኪያልፍ» አሉ። «ከዒድ በኋላ ግን ይፈርሳል።»

ረመዳን ሊገባ ቀናት ቀርተውት ነበር። ከቢሮ ወጥቼ በጃርቱ ቤት በኩል ዞርኩ። ሙሄ የሠራው ነገር በሙሉ ያ ቤት ነው። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። ድንጋይና ሽቦ፣ አንድ አንካሳ ጃርት።

ሌላም ነገር ነበር። ሙሄ ሥራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ቤት የሚገባው ግን ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው። እናታችን ጫት እየቃመ በርጫ ቤት ነው የሚያመሸው ብላ ታምን ነበር። ትቆጣዋለች፣ እሱ ይስቃል። እስኪታመም ድረስ በዚህ ሲጨቃጨቁ ነበር። አሁን ስሙ ሲነሳ ያንኑ ቁጣ ትጀምርና መሐል ላይ ታቆማለች።

አያ እንድሪስን ጠየቅኳቸው። «ሙሄ ከሥራ በኋላ የት ነበር የሚያመሸው?»

በመገረም አዩኝ። «የት ይሄዳል? እዚሁ ነዋ! አልነገራችሁም? ዛሬ አትሂድ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። መግሪብ ሰገድን። ከዚያ አያ እንድሪስ የበሩን አምፖል አጠፉ። «ድምፅ አታሰማ» አሉኝ። ጠበቅን። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ አናጢ እንጨት እንደሚሞርድ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አየሁት። ከጠበቅኩት በጣም ትልቅ ነው! ነጭና ጥቁር እሾሁ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ የመኩሪያን አጥንት በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ይግጣል። እኔን አየኝ። እሾሁ ተነሳ፣ ጅራቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሽኽኽኽ አለ፣ የደረቀ ማሽላ በወንፊት እንደሚነፋ። ከዚያ ወደ ጅቦቹ ዞርኩ፤ ቀን እንደ ጆንያ ወድቀው የሚውሉት ሽቦውን ታከው ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ከዚያ፣ ከበስተኋላዬ፣ መኩሪያ አገሳ።

ደረቴ ውስጥ ነው ያገሳው። ወላሂ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዘለልኩ። አያ እንድሪስ ሳቁብኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ። እኛ የምንከፍተው ሲተኙ፣ የምንዘጋው ሲነቁ።»

በማግስቱ በሩጫ ጋሽ ተስፋዬ ቢሮ ገባሁ። ንግግር ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ተንተባተብኩ። «ጋሼ፣ በረመዳን ቀን ማንም አይመጣም። ጾም ተፈቶ ከፊጥር በኋላ ግን መርሳ በሙሉ ንፋስ ለመቀበል አስፋልት ላይ ነው። ማታ እንክፈት።»

«በጨለማ ምን ያያሉ?»

«ጃርቱን።»

ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም። «የመጀመሪያውን ሳምንት ሞክር» አሉ። «ካልሆነ ዥዋዥዌው ይተከላል።»

እናቴን እንድትመጣ ለመንኳት። «ጃርት ለማየት?» አለች። «ስንት ዓመት በቆሎዬን ሲጨርስ ስረግመው ኖሬ፣ አሁን ሄጄ ልጎበኘው?» የሙሄ ነው፣ በየማታው ያመሽ የነበረው እሱ ዘንድ ነው አልኳት። ነጠላዋን አነሳች።

በመጀመሪያው ማታ ሰው መጣ። ብዙ መጣ! ሳምቡሳ የያዙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ከኳስ ጨዋታ የወጡ ጎረምሶች። ቲቸር መላኩና ሰብለም መርሳ ሊያድሩ መጥተዋል። ጋሽ ተስፋዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ጃርቱ አልወጣም።

ጫጫታ ነበረ። የየሰው ስልክ መብራት ጉድጓዱ ላይ አነጣጥሯል። «የታለ ይመር?» ይላል አንዱ። «ለሶላት ሄዷል» ይላል ሌላው። ጋሽ ተስፋዬ ሰዓታቸውን አዩ።

አያ እንድሪስ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ሙሄ ምን ያደርግ ነበር?» አሉኝ። ያኔ የዚያ ማታ ጨለማና ጸጥታ ትዝ አለኝ፤ ነቃሁ። አምፖሉን አጠፋሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ በሕይወቴ ለዚያን ያህል ሰው ተናግሬ አላውቅም። «እባካችሁ ስልክ አጥፉ። ሁላችሁም መሬት ተቀመጡ። ልጆች ጭን ላይ። ማንም እንዳያወራ።» ተቀመጡ። አዛውንቶች እንኳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አጥንቱን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቼ እኔም ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆየን። አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ አሥር ሰው «እሽሽ» አለ።

ቅርጥ።

ማንም አልተነፈሰም። ቅርጥ፣ ቅርጥ። ጃርቱ እያነከሰ ወደ ፊት ወጣ፣ አጥንቱን አነሳ፣ ተቀመጠ። የጨረቃዋ ክር ቀጭን ናት፤ ነጭ እሾሁ ግን በጨለማው ይታያል። አንዲት ትንሽ ልጅ መታገሥ አቃታትና «እማ፣ ይበላል!» ብላ ጮኸች። እሾሁ ሁሉ በአንዴ ቆመ፣ ሽኽኽኽ፣ በጀርባው ወደ ሽቦው ተንደረደረ።

«ሊወረውር ነው!» አለ አንድ ጎረምሳ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ በሩ። ጫማ ቀረ፣ ሳምቡሳ ተረገጠ። ቲቸር መላኩ ከፊት ነበር።

«ጃርት እሾህ አይወረውርም!» ብዬ ጮህኩ። «ካልነካችሁት አይነካችሁም!» ቀስ በቀስ ተመለሱ፣ እየተሳሳቁ፣ እየተፋተጉ። በዚያው መሐል መኩሪያ አገሳ። አሁን ደግሞ የተመለሰውም ሰው እንደገና ሮጠ።

«አንበሳው አልጋ ላይ ነው አላልክም?» አለች ሰብለ፣ ከሳቅ የተነሳ ዛፍ ይዛ።

«ዝም በይ» አለ ቲቸር መላኩ። ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንድም ፎቶ አላነሳም። «ይመር፣ ነገም ትከፍታላችሁ?»

እኔ ጋሽ ተስፋዬን አየሁ። ጋሽ ተስፋዬ ሰውን አዩ። «ዥዋዥዌው ማንጎው ሥር ይተከል» አሉ። «ነገም እንከፍታለን።»

እናቴ አልሮጠችም። እንደተቀመጠች ነበር። ሰው ሲሄድ አጠገቧ ሄድኩ። ጃርቱ ተረጋግቶ ወደ አጥንቱ ተመልሷል። እሷ ወደ እሱ እያየች ትናገራለች፣ ግን ለእሱ አልነበረም።

«አንተ ልጅ» አለች። «ለዚህ ነበር የምታመሸው? ብትነግረኝ ምን ነበር? እራትህን አመጣልህ አልነበር?»

ከዚያ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። ከማግስቱ ጀምሮ እራት ታመጣልናለች፤ ለእኔም ለአያ እንድሪስም። ጃርቱ ድንቹን ሲያገላብጥ ቆማ ታየዋለች። «ዛሬ በደንብ በላ» ትለኛለች፣ ለቤት ሰው እንደሚባለው።

አሁን ከረመዳን ውጭም ቅዳሜና እሁድ ማታ እንከፍታለን። አዲስ ረዳት ሊቀጠር ነው። ለሚገባው ሰው የምለው ይህን ነው። የመሐሉን በር ቁልፍ ደግመህ ሳብ። አጥንቱን አትጣል። ጎብኚ ይህ እንስሳ አይረባም ሲልህ አትከራከረው፤ እንስሳው የሚነቃበትን ሰዓት ንገረው።