የቀርቀሃው ሞተረኛ

ሞተረኛው ቤታችን የገባው በሚሞሪ ካርድ ነው። እናቴ ወንድሜን የቤቱን ስልክ አስይዛ መዝሙር አስጭን ብላ አዲስ ቅዳም ገበያ ላከችው። ስልክ ጠጋኙ ከመዝሙሮቹ ኋላ ማንም ያላዘዘውን አንድ ቪዲዮ ጨመረለት። ቢጫ ልብስ የለበሰ ፈረንጅ በሞተር ሳይክል ተንደርድሮ ይመጣል፤ ከሳንቃ የተሠራ አቀበት ላይ ይወጣና ጎን ለጎን በቆሙ የጭነት መኪኖች ላይ ይበራል። አንዳንዴ በጎማው ያርፋል፣ አንዳንዴ ይወድቅና እንደ ጆንያ ይንከባለላል። በሁለቱም ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ስመ ጥር ሰው መሆኑን ከሕዝቡ ብዛት ገመትን እንጂ ማንነቱን የነገረን የለም። ወንድሜ "ሰውየው" ይለው ነበር፤ እኔም ሰውየው እለዋለሁ።

በመጨረሻው ላይ ሰውየው በሞተር አይመጣም። ከኋላዋ ጢስ የምትተፋ ሹል ነገር ውስጥ ይገባል፤ ከፊቱ ገደል አለ። ጢሱ ይበዛል፣ ነገርየዋ ከመሬት ትለቃለች፣ ቪዲዮው ያልቃል። ካርዱ ሞልቶ ይሁን ጠጋኙ ቆርጦት አላውቅም። ወንድሜ ግን ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ትምህርት ቤት ስንሄድ "ተሻግሯል" ይለኛል። ስንመለስ ደግሞ "አይ፣ አልተሻገረም መሰለኝ" ይላል።

እሱ አሥረኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ስምንተኛ። ቤታችን ከአዲስ ቅዳም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ገብስና ድንች እናመርትበት የነበረው ማሳ በዲከረንስ ተሸፍኗል፤ ዲከረንስ የሚሉት ቶሎ የሚያድግ የግራር ዘመድ ነው፣ ጥቂት ዓመት ይቆምና ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። በእኛ አካባቢ ገበሬ ሁሉ ከሰል አክሳይም ነው። አባቴም እንዲሁ ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን ፈረሰኛ ነበሩ። በጥር የፈረስ በዓል እንጅባራ ሜዳ ላይ ሽምጥ እየጋለቡ ጎንበስ ብለው ከመሬት መሐረብ ያነሡ እንደነበር ጎረቤቶቻችን ዛሬም ያወራሉ። ማሳው ዛፍ ሲሆን ግጦሹ ጠፋ፣ ፈረሱም ተሸጠ። ኮርቻው ግን ከግድግዳው አልወረደም።

ወንድሜ ሰውየውን ለአባየ ያሳያቸው ለዚህ ይመስለኛል። ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ይዘው እስከ መጨረሻው አዩት።

"ምን ነካው ይሄ ሰው?" አሉ።

"ደፋር ነው አባየ።"

"ድፍረቱ የሞተሩ ነው እንጂ የሱ አይደለም። ፈረስ ቢሆን አልዘልም ብሎ ይመክረው ነበር። ብረት ምን ይመክራል?"

"የርስዎ ፈረስ ስንት መኪና ይዘል ነበር?" አለ ወንድሜ እየሳቀ።

"የኔ ፈረስ? ሞተሩን ከነሰውየው ይዘለዋል" አሉና ስልኩን መለሱለት።

ቀልድ ነበር። ወንድሜ ግን እንደ ቀልድ አልሰማውም። ሞተር መግዛት ለእኛ የሚታሰብ ስላልነበረ ከጓሯችን ቀርቀሃ ቆርጦ ሠራ። ሁለቱ ጎማዎች ከሽቦ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ጣት የምታህል፣ ከቀርቀሃ የተቀረጸች፣ ቢጫ ፌስታል የለበሰች ሰው ትቀመጣለች። ከኋላ ደግሞ በአንድ ጫፉ የተደፈነ የቀርቀሃ ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ምን ከምን ጋር እንደሚቀላቅል አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል።

የጻፍኩት በደብተር ነው። ከወንድሜ ጋር ያለኝ ሥራ ይኸው ነበር። የድልህ ቆርቆሮዎች እንደ መኪና ይደረድራል፣ ከቱቦው የሚወጣውን ክር ይለኩሳል፣ እኔ በሦስት ዐምድ እመዘግባለሁ፦ ዘለለ፣ ወደቀ፣ ዝም አለ። የመረጠኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምርና ለማንም ስለማልናገር ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር፤ መምህር ሲጠራኝ ፊት የተቀመጡት እንኳ አይሰሙኝም። ወንድሜ በዚህ ሲያሾፍብኝ ማቆሚያ የለውም።

"አንቺ ዶሮ 'እሽ' ብትይ ዶሮዋ የጠራሻት መስሏት ትመጣለች" ይለኛል።

አንድ ቀን ክሩ ነዶ ቱቦው ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም ሳይሆን ቀረ። ወንድሜ ትንሽ ጠበቀና ተጠጋ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ነደደ። የግራ ቅንድቡ ተቃጠለ፤ እናቴን ምድጃ ነው አልናት። ያን ዕለት ደንብ አወጣን፣ እኔም በደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት፦ ዝም ካለ፣ ሁለት መቶ እስኪቆጠር ማንም አይጠጋም። ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።

አባየ የሚያውቁት እሳት ሌላ ነው። የከሰል ክምር በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ለቀናት በውስጡ ይነዳል። ጢሱ ነጭ ከሆነ እንጨቱ ገና ነው፤ ሰማያዊ ሲሆን በስሏል። ጢሱ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ አክሳዩ በክምሩ ግርጌ ባለችው መተንፈሻ ቀዳዳ አጠገብ ይንበረከካል፣ ጉንጩን መሬት አስነክቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ እፍ ይላል። የአካባቢያችን ልጅ ይህን ከፊደል በፊት ይማራል። አባየ "እሳት አይሞትም፣ ይተኛል" ይሉ ነበር። "የተኛን ደግሞ በቀስታ ነው የሚቀሰቅሱት።"

ከማሳችን ግርጌ ጎርፍ የበላው ገደል አለ፤ ስፋቱ ዐሥር እርምጃ ይሆናል። ወንድሜ በመጨረሻ ክንድ የምታህል ትልቅ ሠራና ገደሉን አዘልላታለሁ አለ። አባየንም ጋበዛቸው። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጥተው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

"በል እስቲ፣ ፈረስህን አስጋልባት" አሉት።

ወንድሜን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ክሩን ረጅም አድርጎታል፤ ለኩሶ በእንጨቱ ድልድይ ዞሮ ማዶ ሆኖ ሊቀበላት ነው። ከመሄዱ በፊት ጆሮዬ ላይ "ዝም ካለች ደንቡን ንገሪያቸው። ሁለት መቶ" አለኝ።

"እሺ" አልኩ።

ክሩ እያጨሰ ሄዶ ቀርቀሃው ውስጥ ገባ። ወንድሜ ማዶ ደርሶ ቆሟል። ምንም የለም። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ።

አርባ ላይ አባየ "ጠፋ እኮ" አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ወደ እኔ እያዩ ስላልነበር አላዩኝም። ስልሳ ሳይሞላ ተነሡ። ወንድሜ ማዶ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል፤ ተመለሱ ማለቱ ነው። ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አንሥተው መለሱለት።

መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፦ አባየ፣ አይጠጉ፣ ገና ነው። ግን በቤታችን አባየን አይሂዱ ያለ ልጅ አልነበረም። ደግሞስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእሳት ጋር የኖሩትን ሰው እኔ ስለ እሳት ላስተምር? ይህን ሁሉ ያኔ አሰብኩ ማለቴ አይደለም። ያኔ የማስታውሰው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሰባ አንድ ላይ አባየ ከቀርቀሃው ኋላ ተንበርክከው ጉንጫቸውን መሬት አስነክተው ነበር።

"አባየ" አልኩ።

"ምን አልሽ ልጄ?" ብለው አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ቀርቀሃዋ ነደደች። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። ገደሉን ዘለለች፤ ቢጫዋ ሰው ላይዋ ላይ እንዳለች ማዶ ሣሩ ላይ አረፈች። ወንድሜ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲዘል አየሁት። ከዚያ ወደ እኛ ማዶ ተመለከተ፣ እጆቹንም አወረደ።

በዚያ ሰዓት መኪና አልተገኘም። ከቀበሌው የግብርና ሠራተኛው በመንግሥት ሞተሩ መጣ። እናቴ የአባየን ፊት በነጠላዋ ጠቀለለች፤ በሠራተኛውና በወንድሜ መሃል አስቀመጥናቸው። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ ወገባቸውን አቅፎ ያዛቸው። ከዚያ ቀን በፊት ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ድንጋያማው መንገድ ላይ በነጠሩ ቁጥር የአባየ ራስ ወደ ኋላ እየሄደ ደረቱን ይመታው ነበር፤ ከዓይኔ እስኪሰወሩ አየኋቸው።

እንጅባራ ሆስፒታል አይተው ወደ ባሕር ዳር ላኳቸው። የግራ ዓይናቸው ወጣ። ቀኙ የተረፈው ፊታቸውን በማዞራቸው ነው ተባለ። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። "አንቺ ባትጠሪያቸው ሁለቱም ነበር" አለች። ያን ንግግሯን ለመስማት አሁንም አልችልም። የጠየቃቸውን ሁሉ አባየ "ከሰል ፈነጠረብኝ" አሉት። ከሰል አክሳይ ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም፤ ወንድሜንም የጠየቀው የለም።

ወንድሜ የጠየቀኝ ከባሕር ዳር የተመለሰ ዕለት፣ አዲስ ቅዳም መንገድ ዳር ነው።

"ቆጠርሽ?"

"ቆጠርኩ።"

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲያ ከአባየ ጋር አንድ ገበታ አልቀረበም። እናቴ ስትቆጣው "ተነግሯቸው ነው የሄዱት። የኔ ነገር መጫወቻ ስለሆነባቸው ነው" አላት። አባየ አፍንጫ ሥር ነው የተናገረው፤ እሳቸው እንጀራቸውን ቆረሱ። እናቴ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከመክተቷ በፊት አባየ አስመጥተው እኔኑ አስነብበውኝ ነበር፣ የጀርባውን ደንብ ጭምር። እንዳልነገርኳቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ ትምህርቱን ተወ። ሰሊጥ ለማጨድ ቆላ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ እናቴንና እኔን ያነጋግራል፣ አባየን አቅርቡልኝ አይልም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የደረሰኝ ኬሚስትሪ ነበር። በመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን መምህሩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥንቃቄ ደንብ ጮክ ብለን እንድናነብ አዘዘ። ተራዬ ሲደርስ ከክፍሉ ወጣሁ። ፈሪ ናት ተባለ። እውነታቸውን ነው።

ተመርቄ ወደ ቤት ስመለስ የቀረችው ዓይንም ደክማለች። አባየ የጢሱን ቀለም መለየት አቅቷቸዋል። የሥራ ማስታወቂያ ለማየት እንጅባራ በማልሄድባቸው ቀናት ክምሩ አጠገብ ተቀምጬ እነግራቸዋለሁ፦ ነጭ ነው፣ አሁንም ነጭ ነው።

አንድ እሑድ እዚያው ተቀምጠን ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ስለ አባየ ዓይን ጠየቀኝ፤ ከእሱ ያልተለመደ ነው። እየደከመች ነው አልኩት።

"ምን ይደረግ፣ ያኔ ቢሰሙሽ ኖሮ" አለ።

"አልነገርኳቸውም" አልኩ።

"ምን? አይሰማም። ኔትወርክ የለም፣ ጮክ በይ!"

"አልነገርኳቸውም!"

"ምን አልሽ?"

ተነሥቼ ቆምኩ። "ደንቡን አልነገርኳቸውም! ዋሽቼህ ነው! አባየ አላወቁም ነበር!"

ድምፄ ከማዶው ዛፍ ተመልሶ መጣ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከዚያ እሱም ቀረ፤ ይቋረጥ ይዝጋው አላወቅሁም።

አባየ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ናቸው። "ጮክ ብለሽ መናገር ታውቂያለሽ ለካ" አሉ።

"ያውቁ ነበር። ለምን አልነገሩትም?"

"ልጄን በልጄ ላይ ላስነሣ?" አሉና ቆይተው ደግሞ "ጠራሽኝ፣ ዞርኩ። ሌላውን ምን አደርገዋለሁ" አሉ።

የሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ከዚያ የሚቀጥለውም። እኔ ስደውል ይጠራል፣ አያነሣም። በሦስተኛው እሑድ ከቀናት በፊት የለኮስነው አዲስ ክምር አጠገብ ተቀምጠን ነበር።

"ዛሬም አልደወለም?" አሉ አባየ።

"አልደወለም። ልሂድና ልፈልገው ይሆን?"

ዓይናቸው ወደሌለበት ወደ ግራ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሲያስቡ እንደዚያ ያደርጋሉ።

"ዝም ያለ ነገር ቶሎ አይጠጉትም ብላችሁ ጽፋችሁ የለ?" አሉ። "ቁጠሪ እንግዲህ። መቁጠሩን ታውቂበታለሽ።"

ከክምሩ ጫፍ የሚወጣው ጢስ እየሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነበር። ነገርኳቸው።