አንደኛ ክፍል የተመለስኩበት ዓመት

አሰላ የገባሁት በጥር ወር ነው። ከደቡብ ጎንደር ስነሳ የትምህርት ማስረጃዎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሹራቤ ሥር ደብቄያቸው ነበር። የአራት ዓመት ልጄን ታቅፌ ሁለት ቀን ስጓዝ፣ እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ወረቀቶቹ እንዳይጨማደዱ እሰጋ ነበር።

ባለቤቴ የኮምባይነር መካኒክ ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ስለሆነ ሥራው እዚያ ሆነ፤ እኔና ልጄ ደግሞ እኔ በማስተምርበት ከተማ ቀረን። ሁለት ዓመት እንዲህ ከኖርን በኋላ ልጃችን ታመመች። ሦስት ቀን በትኩሳት ስትነድ አባቷን ብቻ ነበር የምትጠራው። ትኩሳቱ በለቀቃት ማግስት መልቀቂያ ጠየቅሁ።

ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። በዚያ ዓመት የያዝኩት ስምንተኛ ክፍሎችን ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤዬን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ «እነዚህን ልጆች ሚኒስትሪ አስፈትነሽ አትሄጂም?» አለኝ።

«ሰኔ ሩቅ ነው» አልኩት።

ልጆቹን በወጉ አልተሰናበትኳቸውም። ደህና ሁኑ ካልኳቸው እንደማልሄድ ስለማውቅ ዓርብ ከሰዓት እንደ ወትሮው ስለ ተረትና ምሳሌ አስተማርኩ፣ የቤት ሥራ ሰጠሁና ወጣሁ። ያንን የቤት ሥራ ማን እንዳረመው አላውቅም።

አሰላ በገባሁ በሳምንቱ ትምህርት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጠ።

«ማስረጃሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን በእጅ የመጣ ማስረጃ አንቀበልም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ ከተማርሽበት ኮሌጅ ታሽጎ በፖስታ በቀጥታ ለእኛ ይምጣ። ክሊራንስም ከነበርሽበት ወረዳ ያስፈልጋል። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ፈተና ትወስጃለሽ።»

«ፈተናውን እኮ እዚያ ወስጄ አልፌያለሁ።»

«እዚያ ነዋ» አለኝ፤ በክፋት አልነበረም። ወረቀቶቼን እየመለሰልኝ፣ «አፋን ኦሮሞስ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልችልም።»

«አየሽ፣ አማርኛ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል፤ መምህርም ይጎድለናል። ግን ገጠር ስትመደቢ ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም። በምን ታስረጂያቸዋለሽ?»

ወረቀቶቼን መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የተከራየነው ቤት ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጀርባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደወሉ ሲደወል፣ ልጆቹ ባንዲራ ሊሰቅሉ ሲሰለፉና ሲዘምሩ ይሰማኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ የቆምኩ ሰው፣ አሁን እጄን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሬ እሰማለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ከዝማሬው በኋላ ያለው ጸጥታ ነበር። ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ ማለት ነው፤ አንዷ መምህርት ጀርባዋን ሰጥታ ቀኑን ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ነው ማለት ነው። ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ የሚፈልገው የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሌላው በመስከረም ተመለሺ አለኝ።

አከራያችን አሰላ ተወልደው ያደጉ፣ ገብስ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው። ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ተከራክረው፣ ዞር ብለው ለሌላው በአማርኛ ዋጋ ይነግራሉ። አንድ ቀን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን ይዘውልኝ ገቡና ከትምህርት ቤቱ በሚለየን አጥር ሥር ተቀምጬ አገኙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በየቀኑ እዚህ የምትቀመጪው ፀሐይ ለመሞቅ ነው?»

«የትምህርት ቤቱን ድምፅ ለመስማት ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። ዋሽቼ ለመመለስ አልቻልኩም። ስለ ቢሮው፣ ስለ ቋንቋውም ነገርኳቸው።

«ቋንቋ በጆሮ ነው የሚገባው» አሉ። «ከልጆች ጋር ነው የሚለመደው። የእህቴ ባል እዚያ ግቢ አንደኛ ክፍል ያስተምራል። ነገ እንሄዳለን።»

የእህታቸው ባል ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ መምህር ናቸው። ጉዳዬን ሰምተው ለርዕሰ መምህሯ ነገሩልኝ፤ እሷም ፈቀደች። «እኔ ቅር አይለኝም፤ ወንበሩ ብቻ ያንስሻል» አሉኝ እየሳቁ። ልጄን አከራያችን ዘንድ ትቼ፣ ከየካቲት ጀምሮ በየጠዋቱ አንደኛ ክፍል መማር ጀመርኩ።

በእርግጥም ወንበሩ አነሰኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ይወጣ ስለነበር ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት እኔን ሲያዩ ሰሌዳውን ረሱ፤ በሁለተኛው እኔን ረሱኝ። ፊደሉ በላቲን ስለሚጻፍ ለማንበብ አልተቸገርኩም። የቸገረኝ በአማርኛ የሌለው፣ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠቅልላ የምታወጣው ድምፅ ነው። በኦሮምኛ ቅቤ የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። እኔ ስለው አጠገቤ የምትቀመጠው ጥርሷ የወለቀ ልጅ ፊቷን ታጨማድዳለች። አንድ ቀን ታክቷት አፏን ከፍታ፣ ምላሷ የት እንደምትታጠፍ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ የእኔን አፍ አስከፍታ ተመለከተች። ስሞክር ራሷን ነቀነቀች፤ ደግሜ ስሞክር ራሷን ነቀነቀች። ከብዙ ቀን በኋላ ሲሳካልኝ ምንም ሳትል ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔም ተማሪዎቼን እንደዚያ ዝም ብዬ አልፌያቸው አውቅ እንደሆነ አሰብኩ።

በመጋቢት መጨረሻ የአሰላ ብርድ የሽማግሌውን መምህር ጉሮሮ ዘጋው። ድምፃቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ ቢሆንም አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው መጡ። ሰሌዳው ጋ ደርሰው ለመናገር ሞከሩ፤ አልሆነም። ከኋላ ወንበር በእጃቸው ጠሩኝና ጠመኔውን ሰጡኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ጠመኔ ከጨበጥኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነበር። ቀኑን ጻፍኩ። ፊደሎቹ ወደ ታች ወረዱ። ከዚያ የዕለቱን ቃላት ጽፌ በጣቴ ሳመለክት ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡ። የማውቀው ኦሮምኛ «አንብቡ»፣ «ድገሙ»፣ «ጎበዝ» ከማለት አያልፍም ነበር፤ ለአርባ ደቂቃ ግን በቃኝ። ደወሉ ሲደወል ጠመኔውን መመለስ ከበደኝ። ሽማግሌው ይህን አይተው ኖሮ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በሹክሹክታ፣ «መምህርት፣ ያዥው፤ ሌላ አለኝ» አሉኝ። ቤት ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ልጄን አቀፍኳት፤ ጥቁር ሹራቧ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀረ።

ወረቀቱ ግን አልመጣም። በደቡብ ጎንደር ስልክ ሲቋረጥ፣ መንገድም ሲዘጋ ሰነበተ። ኮሌጁ ጋ ስልክ የሚያነሳ አልነበረም። በሚያዝያ አንድ ቀን የእናቴ ስልክ ሠራ። ነገሩን ስነግራት፣ «ምን ልበላቸው? አስጠኚኝ» አለች። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት» የሚለውን ቃል በስልክ እየደጋገምን አጠናነው። የእኔን ማመልከቻና ፎቶ አንድ ዘመዳችን ሹፌር አደረሰላት።

ኮሌጁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጀመሪያው ቀን መብራት የለም ተባለች፤ በሁለተኛው ማኅተም ያዡ የለም። በሦስተኛው ጠዋት በር ሲከፈት መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ማምሻውን ደወለችልኝ።

«ታሽጎ ሲወጣ አንሰጥሽም አሉኝ።»

«በፖስታ ነው የሚላከው፣ እማዬ። ደንቡ ነው።»

«እኔንም እንዲያ አሉኝና ፖስታውን ከምትወስደው የመዝገብ ቤት ልጅ ጋር ፖስታ ቤት ድረስ አብሬ ሄድኩ። ማኅተም ሲመቱበት በዓይኔ አይቼ ነው የተመለስኩት። አንቺ ጋ ሊሄድ አይደል? ከወረቀቱ ጋር ብሄድ ምን ነበረበት ብዬ ቀናሁ።»

ስልኩ ወዲያው ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። ያን ጊዜ እናቴን ካየኋት ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ናፍቆቴን ሁሉ በማስተማር ላይ አሳብቤው ነበር።

ፖስታው በግንቦት ደረሰ፤ ክሊራንሱ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተከተለው። የሙያ ፈቃዱን ፈተና በክረምት ተፈተንኩ። የስምንተኛ ክፍል ልጆቼ የዚያ ዓመት ፈተና እንደተራዘመባቸው ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ የነገረኝ የለም። እኔ ግን አለፍኩ። ካፖርት የለበሰው ባለሙያ ፋይሌን ዘግቶ በኦሮምኛ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀኝ። ግማሹን መለስኩ፣ ግማሹን ገመትኩ።

«ዲክሲስ ወረዳ ሰው ይፈልጋሉ» አለኝ። «በየቀኑ ከአሰላ ተመላልሰሽ የምትችይው ግን አይደለም።»

ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። ቤተሰባችን አንድ ላይ እንዲሆን ብዬ ነበር የመጣሁት። «አትሂጂ ካልኩሽ አጥሩ ሥር ልትቀመጪ ነው» አለኝ። «ሂጂ፤ ልጅቷን እኔና አከራያችን እንይዛለን።»

በመስከረም ዲክሲስ ለማስተማር አምስተኛ ክፍል ገባሁ። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ቆመው ተቀበሉኝ። ሰላምታዬንና ማን እንደሆንኩ በኦሮምኛ አጥንቼ ስለነበር ሳልሳሳት ጨረስኩት። «ተቀመጡ» የሚለው ግን ጠፋኝ። በእጄ ሳሳያቸው ሳቁና ቃሉን ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቀኑን በአማርኛ ጻፍኩ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ዲክሲስ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው የምኖረው። ከልጆቹ ጋር ስሆን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ልጆቹ በየገብሱ ማሳ መሃል ወደየቤታቸው ሲበታተኑ ግን፣ የእኔ ልጅ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራች እንደሆነ አስባለሁ። ዘንድሮ ወደ አሰላ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ብዙ ሰው ከእኔ በፊት ተሰልፏል። እሑድ ከሰዓት ልጄ መናኸሪያ ድረስ እጄን ይዛ ትሸኘኛለች። አታለቅስም። መኪናው እስኪሞላ እኔ በመስኮቱ፣ እሷ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እናወራለን፤ ረዳቱ በሩን ዘግቶ መኪናው ሲነሳ ድምፃችን ይቋረጣል፣ እሷ ግን አፏን ማንቀሳቀሷን አታቆምም። ምን እያለችኝ እንደሆነ ዓርብ ስመለስ እጠይቃታለሁ። ብዙ ጊዜ ረስታዋለች።