የሙአዊያ አፍና እግር

ሙአዊያ ሐይቅ ከተማ ላይ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ወዲህ እግሩ ሥራ ፈታ። ከቤቱ ደጃፍ ተሳፍሮ እዚያው ደጃፉ ላይ ይወርዳል። ተራ ሲጠብቅ ቦንቦሊኖ፣ ጉሮሮው ሲደርቅ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ ሚስቱ ዋሲላ ያቀረበችውን ሙልጭ ነው። ሆዱ ሲገፋ ጓደኞቹ "ተመቸህ መሰለኝ!" ይሉታል፤ እሱም ደስ ይለው ነበር።

ደስታው ያበቃው ጎረቤቱ ሼህ አራጋው የሞቱ ቀን ነው። በልጅነቱ ቁርአን አስተምረው ያስቀሩት እሳቸው ነበሩና ቃሬዛውን ከፊት ያዘ። የመቃብሩ ዳገት ገና ሲጀመር ግን ደረቱ ተዘጋ፤ ዓይኑ ጨለመበት። ከኋላው የነበረ ሰው ፈጥኖ ትከሻውን ባያስገባ ኖሮ ከነአስከሬኑ ይወድቅ ነበር። ቀባሪው ሁሉ ሲያልፍ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ለሼሁ አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ ሳያለብስ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሽታው የሚባለው ነርስ ለክቶ፣ መርምሮ፣ "የደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል" አለው። "ስኳሩም ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ገና አልገባም። ክብደት ይቀንሱ።"

"ምን ልውሰድ ታዲያ?"

"ለጊዜው መድኃኒቱ አፍዎና እግርዎ ነው። ደግሞ ቀጠሮዎን እንዳይረሱ።"

ሙአዊያ አፉን ትቶ እግሩን መረጠ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሰላም እየተባባለ፣ በላብ ተጠምቆ ይመለስ ጀመር። ሲመለስ ግን እንደ አራሽ ይርበዋል። "ለፍቻለሁ፤ ይገባኛል" እያለ ፍርፍሩን በቅቤ ያርሰዋል፤ ሻዩ ላይ ስኳሩን ይከምረዋል። ወር አልፎ ወር ሲተካ ቀበቶው እዚያው ቀዳዳ ላይ ነበር።

"ወላሂ ይሄ የእግር ጉዞ የሚሉት ውሸት ነው!" ብሎ አንድ ቀን ጫማውን ወረወረ።

ዋሲላ ሳቋ አመለጣት። "አንተ ሰው፣ እግርህ ያስወጣውን አፍህ በር ላይ ተቀብሎ ይመልሰዋል። እግርህ ምን ያድርግ?"

ተቆጥቶ ቁርሱን ትቶ ወጣ። ውሎ ሲያድር ግን ነገሯ ከነከነው። ሙአዊያ ደግሞ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፤ ለስላሳውን ተወ፣ ቦንቦሊኖውን ተወ፣ ከእንጀራው ግማሹን ለልጆቹ ገፋ። ዋሲላም ጎመኑንና ምስሩን ዘይት ቀንሳ፣ የሐይቁን ዓሣ ጠብሳ ታቀርብለት ጀመር። ሱሪው ሰፋ። ይሄኔ፣ "ነገሩ የአፍ ከሆነ እግሬን ለምን አለፋዋለሁ?" ብሎ ጉዞውን እርግፍ አድርጎ ተወው።

በቀጠሮው ቀን ነርስ ሽታው ሚዛኑን አይቶ "ማሻአላህ!" አለ። ግፊቱን ሲለካ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ እንዳሰብኩት አልወረደም። ደግሞ ደረጃውን ሲወጡ ሲያለከልኩ ሰምቻለሁ። ሰውነትዎን ያቀለለው ምግቡ ነው፤ ልብዎንና ጉልበትዎን የሚያጠነክረው ግን እንቅስቃሴ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራለትም።"

ያን ማታ ነገሩን በቅሬታ ሲነግራት ዋሲላ፣ "አብሽር፣ እኔም አብሬህ እወጣለሁ" አለችው። ወጣችም። በባጃጅ ጩኸት ዓመታት ሳይጫወቱ የኖሩ ባልና ሚስት ሐይቁ ዳር የማያወሩት ጠፋ፤ የልጆቹ ትምህርት፣ ሳዑዲ ያለችው እህቱ፣ የድሮ ኩርፊያቸው ሳይቀር። ሁሌም ቀና አልነበረም፤ ለዒድ ሥጋው አታለለው፣ ዝናብ ሲከብድ አልጋው አሸነፈው። ቢሆንም በነጋታው ይነሣል።

ዘንድሮ የዋሲላ እህት ሂዳያ ተዳረች። የአማቶቹ ቤት ከውጫሌ በላይ፣ ባጃጅ በማይደርስበት የአምባሰል ዳገት ላይ ነው፤ ሙአዊያም "ባጃጁን ማን ይጠብቅልኛል?" እያለ ከራሱ ሠርግ ወዲህ እግሩን አንሥቶ ሄዶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ዳገቱን አረፍ እያለ፣ ውኃ እየተጎነጨ ከዋሲላ ጋር ወጣው። አማቱ ዑምኩልሱም ከደጃፍ ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ያ ረቢ! በምን መጣህ ልጄ?"

"በእግሬ ነው እማየ።"

እያገላበጡ ሳሙት። "ከስተህ የለም እንዴ!" ብለው የሥጋውን ሰሐን እስከ አፉ ሞልተው አቀረቡለት። ሙአዊያ መርቆ ጀመረ፤ ሲበቃው እጁን ሰበሰበ። ውጭ ጭፈራው ደርቶ ነበርና ከዋሲላ ጋር ተያይዘው ወጡ።