አንድ እግር ጫማ ለአንድ ቁልፍ

የሰፈሩን አዳራሽ ቁልፍ የሚይዙት ባልቴት እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ «እትዬ ቁልፌ» ከተባሉ ቆይተዋል። ቤታቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥርሱ የተበላ፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል።

ታዲያ ደንባቸው ጉድ ነበር። ድሮ አንድ ዝንጉ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሌላ ከተማ ገባና ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው በዝናብ ሲበሰብሱ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የሚወስድ ሁሉ አንድ እግር ጫማውን እሳቸው ዘንድ ይተዋል። «በአንድ ጫማ የት አባህ ትሄዳለህ!» እያሉ ተቀብለው ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዳኛም ይምጣ ዘበኛ፣ ምሕረት ብሎ ነገር የለም።

በአዳራሹ የሚለማመደው የዘፈን ቡድን መሪ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ጫማውን አስረክቦ በካልሲ እያነከሰ ግቢውን ሲሻገር፣ እትዬ ቁልፌ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«አንተ! ልብስ ሰፊ ሆነህ ካልሲህ ተረከዙ ላይ ይቀደድ?»

«ለሰው ስሰፋ ለራሴ ጊዜ አጣሁ፣ እትዬ!»

ማታ ማታ ዘፈኑ ግቢውን አቋርጦ ይመጣላቸዋል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸዋል። በዚያ ሰመመን ውስጥ የጫማው ባለቤት አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስላቸዋል፤ የሞቱት ባላቸውም ከወዲያ ጥግ ሆነው የሚያንጎራጉሩ። ቤታቸው ሰው የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነበር። ዘፈኑ ሲያበቃ በሩ ይንኳኳል፤ ቁልፉ ይመለሳል፤ ጫማውም ይሄዳል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ኮሚቴ አዳራሹ በር ላይ ቁጥር እየነኩ የሚከፍቱት መቆለፊያ አስገጠመ። ሊቀመንበሩ ውለታ የዋለላቸው መስሎት «ከእንግዲህስ ይረፉ፣ እትዬ» አላቸው። ይረፉ! ማን ደከመኝ አለው?

ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ሰፈሩን አዳረሰ። ለእሳቸው ግን የነገራቸው የለም። ክፋት አልነበረም፤ እያንዳንዱ «እሳቸውማ ሳያውቁ ይቀራሉ? በሩ የማን ሆነና!» እያለ አለፈ። እሳቸውም መጠየቅ ሞት መሰላቸው። የሚያንኳኳ ጠፋ። ቅርጫቱ ባዶውን ተቀመጠ። ዘፈኑ እንደ ድሮው ይመጣል፤ ሰመመኑም ይመጣል፤ በሰመመኑ ውስጥ ግን ማንም የለም። ረስተውኛል አሉ።

አንድ አመሻሽ ላይ ግን ዘፈኑ እንዲያው በእጃቸው ይዞ የሚስባቸው መሰላቸው። እንዴት እንደተነሡ እንጃ፤ ብቻ ሲነቁ የአዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ አሮጌው ቁልፍ እጃቸው ውስጥ ነው። የቁልፉ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተደፍኗል። ከላዩ ቁጥሮቹ ያበራሉ። ጣታቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ነፋስ ሊቀበል ወጥቶ ኖሯል።

«እትዬ! ምነው ከፍተው አይገቡም?»

አሮጌውን ቁልፍ ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ቁጥሩን...» ብሎ ጀመረና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «አልነገርንዎትም?»

እትዬ ቁልፌ ግድግዳውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። የግራ ጫማቸውን እየታገሉ አወለቁና ዘረጉለት።

«በል ያዝ። ቁጥሩን አውሰኝ።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጫማውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን በጆሯቸው ነገራቸው።

«እንዳትጥልብኝ» አሉት፤ «ቁጥሩን ስመልስ እወስደዋለሁ።»

ከዚያ ክንዱን ይዘው፣ እያነከሱ ገቡ። የእሳቸውም ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። ልብስ ሰፊው አየ፤ ትንፍሽ አላለም።