ሰባት ወር ፍሪጅ አናት ላይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኩሽና ገብታ የጡረታ ፎርሜን ከስኳር ጣሳው ስር መዝዛ አወጣችና "ዳድ፣ ሞላኸው?" አለችኝ። ሁለት ሳምንት እዚያው ተኝቷል።

"ምን አገባሽ? ማን ጠይቂው አለሽ?" አልኳት።

ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ይቺን መልስ ድሮ፣ በጎረምሳነቴ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቻት ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በሱዳን አድርጌ ሲያትል የገባሁ፣ ከእጄ ምላሴ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ። ካፒቶል ሂል አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ቀርቷል። እሱን ለማስመጣት አራት ገጽ ፎርም ሞልቶ መላክ ነበር። ፎርሙ ከነቡናማ ፖስታው ፍሪጄ አናት ላይ ተቀመጠ። አቧራ ሲይዘው እጠርገዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልነካውም።

ለምን አትጀምርም ብትሉኝ መልስ ሞልቶኛል። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ... ይሄ ሁሉ ምን ያደርግላቸዋል? ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ቀበሌያችን ቢገባስ? ያኔ እኛ ሀበሾች የሰፈር ስም ስንጠያየቅ እንኳ መጀመሪያ ፊት ለፊት እንተያያለን፤ ይሄ የማን ወገን ነው እያልን። ሶ፣ እሁድ እሁድ እስክሪብቶ ይዤ እቀመጥና መጀመሪያ ሻይ ላፍላ እላለሁ። ከሻዩ በኋላ ካልሲ ላጥብ እላለሁ። ካልሲው ሲደርቅ ሰኞ ይሆናል።

አብረውኝ የሚያጥቡት ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፣ ሃምሳ ያለፋቸው። የጓዳውን ምግብ አይቀምሱም፤ "አሳማ ነክቶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" ይላሉ። በማርማላታ ጠርሙስ ምስር ወጥ ይዘው ይመጡና ግማሹን ለእኔ ይገፉልኛል። አንድ ቀን ስለ ፎርሙ አፌ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

"ሞላኸው?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ምን ምን ይላል ግን? የእናት ስም ይጠይቃል? የመጡበትንም መንገድ?"

በየቀኑ! የማያገባው ሰው ስለ ሰው ወረቀት እንዲህ የሚጨነቀው ምን ሆኖ ነው? ጆሮ ጠቢ ናቸው አልኩ። አልኩና ማስረጃ መልቀም ጀመርኩ። ጋዜጣ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ገጽ ግን አይገልጡም፤ ጆሯቸው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። የጓዳው ሙቀት እያላባቸው ኮታቸውን አያወልቁም፤ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያ ድምፅ የሌለው የሲያትል ዝናብ እያካፋ፣ ከሥራ ስወጣ ተከተሉኝ። ስታጠፍ ታጠፉ። የቤቴ በር ላይ ዞርኩባቸው።

"ማን ነው የላከዎት?"

"እህ?"

"ምን አገባዎት በእናቴ ስም? ማን ጠይቀው አለዎት? ጆሮ ጠቢ ነዎት!"

ጋሽ ሰይድ አልተቆጡም። የኮታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ያወጡት በዳቦ ላስቲክ የተጠቀለለ ቡናማ ፖስታ ነው። ልክ እንደኔው።

"ባለቤቴና ልጄ ካርቱም ናቸው" አሉ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የራስህን ስትጀምር የኔንም አብረህ ሙላልኝ ልልህ ነበር። አንተ ደግሞ አትጀምርም።"

በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው።

የራሴን ሰባት ወር ያልነካሁ ሰው፣ የሳቸውን ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኩት። የሰው ወረቀት እንዴት ይቀላል!

"የእናትዎ ስም?"

"ዘሃራ።"

"የተወለዱበት ቦታ?"

"አሁን ጆሮ ጠቢው ማነው?" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የሳቸው ሲያልቅ ተነስተው የኔን ከፍሪጁ አናት አወረዱና ጉልበቴ ላይ ጣሉት። "በል፣ ደግሞ እኔ ልመርምርህ።" አንዴ የሰሙትን ጥያቄ በተራ በተራው ይዘውታል። ፊታቸውን እንደ ፖሊስ አጨፍግገው "የእናትህ ስም?" አሉ። ሳቅኩ፤ ጻፍኩ። "የት ተወለድክ?" ጻፍኩ። "የምታስመጣው ማንን ነው?" ሲሉ እጄ ቆመ።

"እምቢ ቢሉኝስ፣ ጋሼ?"

ለካ ያስፈራችኝ ይቺ ናት። ቀበሌ የለ፣ ሰላይ የለ። ካልላክሁት እምቢ የሚለኝ የለም።

"ፍሪጅ ላይ ሆኖስ ማን እሺ ብሎሃል?" አሉ።

"ዳዊት" ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ሁለቱንም ፖስታ አንድ ላይ ላክን። የጋሽ ሰይድ ሰዎች በበጋ መጡ። ዳዊት በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ደረሰ።

ዛሬ ሲያትል አጠገብ፣ ሊንውድ ሱቅ አለው። ስለ ገዳሪፍ ብዙ አያወራም። ሲያወራ ግን "ሁሉንም ችዬው ነበር፤ የመጨረሻው ክረምት ነው የሰበረኝ" ይላል። በዚያ ክረምት በወባ ተይዞ ሲነሳ የግራ ጆሮው አይሰማም። ይሄን ባለ ቁጥር ጠረጴዛ ስር በጣቶቼ ወር እቆጥራለሁ። ፎርሙን ሰባት ወር ቀድሜ ብልከው ኖሮ ያ ክረምት ሳይገባ ሲያትል ደርሶ ነበር። ዕዳው የእኔ ነው። ስለ ፖስታው ግን አንድ ቀንም ነግሬው አላውቅም። ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነው የምቀመጠው።

ልጄን መልሼ ጠራኋት። "ነይ፣ አንድ በአንድ ጠይቂኝ፤ ፊትሽን ኮስተር አድርጊ።" በሃያ ደቂቃ ጨረስን።

"ዛት ኢት? ሌላ የቀረ አለ?" አለችኝ።

ስልኬን አንስቼ ዳዊትን ኮል አደረግኩ።

"ወደ ቀኝ ጆሮህ አዙረው" አልኩት። "አንድ የምነግርህ ነገር አለ።"